ወንድም መጋረጃ ቤት

አዲስ ሱቅ በተከፈተ በሳምንቱ፣ እዚያው ጎኑ፣ ያንኑ ዕቃ ይዞ የሚከፍት ሰው የሌለበት ከተማ ገና ከተማ አልሆነም። አስፋልት ይነጠፍለት፣ ባንክ በየማዕዘኑ ይቁምለት፣ ፎቅ በፎቅ ይሁን፤ ይህ ሰው እስኪመጣ ድረስ መንደር ነው። ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እናንተ ዳቦ ቤት ስትከፍቱ ዳቦ ቤት፣ እናንተ ጫማ ቤት ስትከፍቱ ጫማ ቤት የሚከፍተው እሱ ነው። የእናንተ ዘመዶች ምቀኛ ይሉታል፣ የእሱ ዘመዶች ደግሞ ታታሪ ይሉታል። ስሙ እንደየከተማው ይለያይ እንጂ ሰውየው አንድ ነው።

የሆሳዕናው ክቡር አቶ ዕንባቆም ይባላሉ።

እኔ ኃይለኢየሱስ በአንድ የግል ኮሌጅ «የንግድ ሥራ መግቢያ» የሚባል ትምህርት አስተምራለሁ። የመጀመሪያው ምዕራፍ ላይ «ሥራ ፈጣሪ ማለት ሌላው ሰው ያላየውን ክፍተት አይቶ የሚሞላ ነው» የሚል ነገር አለ። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ከኋላ ወንበር አንዱ እጁን ያወጣና «መምህር፣ አቶ ዕንባቆምስ?» ይላል። ከዚያ በኋላ ክፍሉን ጸጥ ለማሰኘት ፈተና አለ ብሎ ማስፈራራት ያስፈልጋል። ተማሪዎቹ ልክ ናቸው። አቶ ዕንባቆም በሕይወታቸው ክፍተት አይተው አያውቁም። እሳቸው የሚያዩት የሞላውን ነው፤ ካዩ በኋላም ወንበር ስበው አጠገቡ ይቀመጣሉ።

ማንም ሰው ሱቅ ሲያስመርቅ የመጀመሪያው እንኳን ደስ ያላችሁ ባይ እሳቸው ናቸው። ቡናማ ኮታቸውን ለብሰው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ይመጣሉ። ለስላሳ ሲሰጧቸው ይቀበላሉ፣ ዳቦ ሲቆረስ ያመሰግናሉ፣ ከዚያ «እስቲ እንጸልይ» ብለው ባለቤቱን፣ ደንበኛውን፣ ዕቃውን፣ ዕቃው የመጣበትን መኪና ሳይቀር ይባርካሉ። ጸሎቱ ከልብ ነው፣ በዚህ ማንም አይጠረጥራቸውም። ችግሩ «አሜን» ብለው ዓይናቸውን ሲገልጡ መጀመሪያ የሚያዩት አጠገብ ያለውን ባዶ ክፍል መሆኑ ነው። «ይሄኛው ክፍል የማን ነው?» ብለው ከጠየቁ በቃ፣ ባለሱቁ የቆረሰው ዳቦ ጉሮሮው ላይ ይቀራል።

ሪሀናን ጠይቋት። ሪሀና መናኸሪያው አካባቢ የአቮካዶ ጭማቂ ቤት ከፈተች፤ ሳምንት ሳይሞላ ከጎኗ «ወንድም ጭማቂ ቤት» የሚል ታፔላ ወጣ። ዘርአብሩክ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ፎቶ ኮፒ ማሽን አስገባ፤ «ወንድም ፎቶ ኮፒ» ተከተለ። አንዲት የዱራሜ ልጅ የሴቶች ፀጉር ቤት ስትከፍት ደግሞ «ወንድም የሴቶች የውበት ሳሎን» ተከፈተ። በዚህኛው የሚሠሩት ባለቤታቸው ወይዘሮ ትርፊት ናቸው። ወይዘሮ ትርፊት ስሙ እንዲቀየር ለምነዋል፣ በሽማግሌም አስለምነዋል። መልሱ ሁሌም አንድ ነበር፦ «ሱቅ ወንድም ይፈልጋል።»

ጨዋነታቸውን ግን ማንም አይክድም። ታፔላቸውን ሁልጊዜ ከጎረቤቱ ታፔላ አንድ ስንዝር ዝቅ አድርገው ነው የሚሰቅሉት። ሰቃዩ ልጅ «ከፍ ላድርገው?» ካላቸው «ታላቅ እያለ ታናሽ ከፍ አይልም» ብለው ይገስጹታል። ዕቃ ሲጎድላቸው ደንበኛውን በእጃቸው ይዘው ጎረቤት ያስገባሉ። የጎረቤቱ ዕቃ ሲጎድል ደግሞ ከራሳቸው አውጥተው ያበድራሉ። በዚህ አኳኋን ማትረፍ ይቻላል ብሎ የሚያስብ ካለ ሰውየውን አያውቃቸውም ማለት ነው። የፎቶ ኮፒው ማሽን የሰው ሰነድ እየበላ ሲያስቸግር ደንበኛውን ሁሉ ወደ ዘርአብሩክ ሲልኩ ከረሙና ክረምት ሳይገባ ዘጉት። ሲዘጉትም አላዘኑም። ዘርአብሩክ ነው ያዘነው፣ ያውም ለምን እንዳዘነ ሳይገባው።

አንድ ጊዜ፣ በፋሲካ ሰሞን፣ ከዶዮገና በግ ነድቶ የመጣ ገበሬ መንገድ ዳር ቆሞ ነበር። በማግስቱ አቶ ዕንባቆም አንድ በግ ይዘው መጥተው ጎኑ ቆሙ። ገዢ ቀርቦ ዋጋ ሲጠይቃቸው «ይሄ አይሸጥም፣ የቤት ነው። የእሱን እዩ፣ የእሱ ጥሩ ነው» ይላሉ። በዚያ ሳልፍ አየኋቸውና «ታዲያ የማይሸጥ በግ ምን ሊያደርግ ቆመ?» አልኳቸው።

«ሰውየው ብቻውን ቆሞ አየሁት፣ መምህር።»

ይህን ሰምቼ እየሳቅኩ ሄድኩ። ቤተ ክርስቲያን ጎን ሌላ ቤተ ክርስቲያን አለመክፈታቸው እንኳ የፈሪሃ እግዚአብሔራቸው ምልክት ነው እያልኩ ለሥራ ባልደረቦቼ ቀልጃለሁ። በሌላ ቀን ደግሞ እንደ ባለሙያ ልመክራቸው ፈልጌ መንገድ ላይ አስቆምኳቸው።

«አቶ ዕንባቆም፣ ከተማው ውስጥ ጭራሽ የሌለ ሥራ ቢጀምሩ አይሻልም?»

«የሌለ ሥራ?»

«አዎ፣ ማንም ያልጀመረው።»

ኮታቸውን አስተካከሉ። ከዚያ እንደ ምስኪን አዩኝና «ከማን ጋር?» አሉ።

እንዲህ ያለው ነገር የሚያስቀው ግን በሰው ቤት እስካለ ድረስ ነው። ባለፈው ዓመት ባለቤቴ ሰብሌ መጋረጃ ቤት ከፈተች።

ሰብሌ ለብዙ ዓመታት የአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበረች። ስንት ኃላፊ መጥቶ ሲሄድ እሷ እዚያው በሩ ላይ ነች። አንድ ቀን ቤት ገብታ ቦርሳዋን ሶፋው ላይ ወረወረችና «ከእንግዲህ የማንንም በር አልጠብቅም። የራሴን በር እከፍታለሁ» አለች። መልቀቂያ አስገባች፤ ቦታዋ ወዲያው በሌላ ሰው ተያዘ። የዕቁቧን ሁሉ በጣቃ ጣቃ ጨርቅ ገዛችበት። የሱቁን ኪራይ የዓመት ከፈለች፤ ባለቤቱም ዓመቱ ሲያልቅ የሚቀጥለውን በአንድ ጊዜ ካልከፈለች ክፍሉን እንደሚፈልገው ቁርጡን ነገራት። ያ ሱቅ ከተዘጋ ሰብሌ የምትመለስበት በር አልነበራትም። ይህን ሁለታችንም እናውቅ ነበር፤ አውርተንበት ግን አናውቅም።

መጋረጃን የመረጠችው በደንብ አስባ ነው። በእኛ አካባቢ ልጁን ደቡብ አፍሪካ ያልላከ ቤት ካለ ሊልክ እያሰበ ያለ ነው። ልጅ ብር ይልካል፣ ወላጅ ቤት ይሠራል፣ የሚሠራው ቤት ደግሞ ከግድግዳው መስኮቱ ይበዛል። መስኮት መጋረጃ ይፈልጋል። ከተማውን ዞራ ዞራ አንድም መጋረጃ ቤት የሌለበት መንገድ አገኘች። «ተወዳዳሪ የሚባል ነገር የለም!» አለችኝ ዓይኗ እያበራ። እኔም ተደሰትኩ፤ በሚቀጥለው ቀን ስለ ብቸኛ ሻጭ ሳስተምር ድምፄ ሁሉ ወፍሮ ነበር።

ዋናው ደስታችን ግን ሌላ ነበር። የምርቃቱ ዕለት አቶ ዕንባቆም አልመጡም። የውበት ሳሎኑ ላይ የውኃ ቧንቧ ፈንድቶባቸው ወይዘሮ ትርፊትን ከጎርፍ ሲያድኑ ዋሉ። ሰብሌ ይህን ስትሰማ «ሥላሴ ናቸው» ብላ አማተበች።

እንግዲህ አንድ ነገር ልንገራችሁ። በእኛ አገር ሰው ዕቃ አይገዛም፤ መጀመሪያ ይዞራል። ዕቃው ቢያምረው፣ ዋጋው ቢስማማው፣ ገንዘቡ ኪሱ ውስጥ ቢሆን እንኳ «ዞሬ ልምጣ» ሳይል የገዛ ሰው ቤቱ ሲገባ እንቅልፍ አይወስደውም። የሰብሌ ደንበኞች ይገባሉ፣ ጨርቁን ይዳስሳሉ፣ «ወይ ማማሩ!» ይላሉ፣ ዋጋ ይጠይቃሉ፣ «ዞሬ ልምጣ» ብለው ይወጣሉ። በመንገዱ ላይ ግን የሚዞሩበት ሌላ መጋረጃ ቤት የለም። ስለዚህ ዙረቱ ይረዝማል። አንዳንዶቹ እስከ አዲስ አበባ ዞረው እዚያው ገዝተው ተመለሱ።

ከአንጋጫ የመጡት ወይዘሮ ሊሻን የማይረሱኝ ናቸው። ልጃቸው ጆሃንስበርግ ሱቅ አለው፣ ለእሳቸውም ቤት እየሠራላቸው ነው። አንድ ክሬም ቀለም ጨርቅ ወደው አገላበጡት፣ ጉንጫቸው ላይ ሁሉ አስጠጉት፣ ከዚያ ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሡ።

«ዞሬ ልምጣ ልጄ።»

«እማማ፣ የት ይዞራሉ? በዚህ አካባቢ ከእኔ ሌላ የለም እኮ» አለች ሰብሌ።

«እሱማ ነው የከፋው» አሉና ወጡ። «አንድ ሰው ብቻውን የጠራው ዋጋ ምኑ ይታመናል?»

በኋላ እንደሰማነው አዲስ አበባ ገዝተው የሰቀሉት መጋረጃ አጥሮ መስኮቱን ጉልበቱ ድረስ ብቻ ሸፈነው። ሰብሌ ይህን ስትሰማ ትንሽ ተጽናናች፤ ሽያጭ ግን አልሆነም።

ሁለት ወር ያህል እንዲህ አለፈ። ከኮሌጅ ስመለስ በሱቁ በኩል አልፋለሁ። ሰብሌ አገጯን በእጇ ደግፋ፣ ጣቃዎቿን ቀለም በቀለም ደርድራ፣ መንገዱን ታያለች።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ቡናማ ኮት በበሩ አለፈ። ሄደ። ተመለሰ። ወደ ውስጥ አየ። ከዚያ ያንን የተለመደ ጥያቄ ለጎረቤቱ ባለክፍል ሲጠይቁ ሰብሌ በጆሮዋ ሰማች። በሳምንቱ «ወንድም መጋረጃ ቤት» የሚል ታፔላ፣ ከእሷ ታፔላ አንድ ስንዝር ዝቅ ብሎ ተሰቀለ።

ቤታችን ኀዘን ገባ። «ሌባ ነው!» አለች ሰብሌ። «ሐሳቤን ሰረቀኝ! አንተ ሥነ ምግባር ታስተምር የለም እንዴ? ሂድና አስተምረው!» መጽሐፌን አገላበጥኩ። ሰውየው አይዋሹም፣ ሜትር አያጎድሉም፣ የጎረቤት ስም አያጠፉም። ጥፋታቸው ጎረቤት መሆናቸው ብቻ ነው፤ ለዚህ ደግሞ ምዕራፍ የለውም። ይህን ስነግራት ለሁለት ቀን እኔንም ኮረፈችኝ። አቶ ዕንባቆምንማ ጭራሽ ሰላም ማለት አቆመች። ጠዋት ጠዋት «እንደምን አደርሽ እህቴ!» እያሉ በሯ ላይ ይቆማሉ፤ እሷ ፊቷን ወደ ጨርቁ ታዞራለች።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሰብሌ እስከ ዛሬ አታምንም። ሰዎች መግዛት ጀመሩ። ይገባሉ፣ ዋጋ ይጠይቃሉ፣ «ዞሬ ልምጣ» ይሉና በአንዱ በር ወጥተው በሌላው ይገባሉ፣ እዚያም ይጠይቃሉ፣ ከዚያ ረክተው ይመለሳሉ። ዙረት የሚባለው ግዴታ ሦስት ደቂቃ አይፈጅም። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ሰው «መጋረጃ ተራ» እያለ ሰፈሩን መጥራት ጀመረ። ሁለት ሱቅ ተራ ሲባል የሰማሁት ያኔ ነው። ሰብሌን ስለዚህ ነገር ከጠየቃችኋት የሠርግ ወራት ነው፣ የጨርቅ ምርጫዬ ነው፣ ሥላሴ ናቸው ትላለች። አቶ ዕንባቆም አንድ ቀለም ሲያጡ «ይሄ እህቴ ጋ አለ» እያሉ ደንበኛ ሲልኩላት እንኳ «ምን አስቦ ነው?» እያለች ጨርቁን በቁጣ ትቆርጣለች።

ዓመቱ ሊያልቅ፣ የኪራዩም ቀን ሊደርስ ሲል አቶ ዕንባቆም መርዶ መጣባቸው። ያሳደጓቸው አክስታቸው ዳምቦያ ላይ አርፈዋል። በማለዳ ሱቃቸውን ሳይከፍቱ ወደ ሰብሌ መጡ። እኔም እዚያ ነበርኩ። ዓይናቸው ቀልቷል። የሱቁን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«ሳምንት መቆየቴ ነው፣ እህቴ። ሰው ከመጣ ሽጪልኝ። ወፍራሙ ጨርቅ በዚህ ዋጋ ነው፣ ስሱ በዚህ። ለምኖ ከተከራከረ ትንሽ ቀንሺለት።»

«ለእኔ ነው የሚሰጡት?» አለች ሰብሌ። ከወራት በኋላ ያነጋገረቻቸው ያን ጊዜ ነው።

«ታዲያ ለማን ልስጥ?» አሉ ግራ ገብቷቸው፣ ሄዱም።

ሰብሌ ቁልፉን መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። እግዚአብሔር ነፍስ ይማር አለች፤ ከልቧ ነው ያለችው። ግን ዋጋቸውን ሁሉ አወቀች፣ በራቸውም ተዘግቷል፣ ሳምንቱ ሙሉ የእሷ ብቻ ነው። ስትስቅ አላየኋትም፤ ጨርቅ ስታጥፍ ግን ታንጎራጉር ነበር።

ዝማሬው እስከ ቀትር አልቆየም። አንድ ባልና ሚስት ገቡ፣ ወደዱ፣ «ዞረን እንምጣ» ብለው ወጡ፣ የተዘጋውን በር አዩ። ሰብሌ በመስኮት ታያቸዋለች። በሩን ገፋ አደረጉት። ቆም አሉ። ከዚያ ወደ መናኸሪያው ሄዱ። ከሰዓት በኋላ የመጡትም እንደዚያው። በማግስቱም እንደዚያው። አንዷማ ተመልሳ ገብታ «ሰውየው መቼ ነው የሚመጣው? እሱን ሳልጠይቅ እንዴት እገዛለሁ?» አለቻት።

በዚያ ሰሞን ነው ወይዘሮ ሊሻን እንደገና የመጡት። የአዲስ አበባውን መጋረጃ ነገር አላነሱትም፤ እኛም አላነሣንባቸውም። አሁን ልጃቸው አንጋጫ ላይ የእንግዳ ማረፊያ ሠርቶ ጨርሷል፤ ሁለት ፎቅ ነው፣ መስኮቱ ተቆጥሮ አያልቅም። ይህ ሥራ ከተገኘ የሰብሌ የሚቀጥለው ዓመት ኪራይ ተከፈለ ማለት ነው። ካልተገኘ ሱቁ ይሄዳል። ወይዘሮ ሊሻን ዋጋ ጠየቁ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ዞሬ ልምጣ ብለው ወጡ። በሩ ዝግ ነው። ሰብሌ ተከትላ ወጥታ ምክንያቱን ነገረቻቸው።

«ለቅሶ ሄዷል? አይ፣ እንግዲያውስ ነገ አዲስ አበባ ወርጄ እጠይቃለሁ» አሉ። «አሁን ሻይ ልጠጣ።»

ሰብሌ በጓሮ በኩል እኔ ጋ ሮጣ መጣች። ከሱቁ ጀርባ ተቀምጬ የፈተና ወረቀት እያረምኩ ነበር።

«ተነሥ! ሱቁን ክፈትና ቁጭ በል!»

«የማንን ሱቅ?»

«የእሱን! ሻይዋን ጨርሳ ስታልፍ ክፍት ሆኖ ታገኘዋለች። ዋጋ ስትጠይቅህ ከእኔ ከፍ አድርገህ ጥራ። ትንሽ ብቻ።»

«ሰብሌ፣ ይሄ እኮ ምዕራፍ ስድስት ላይ ያለው ማታለል ነው።»

«ምዕራፍ ስድስት ኪራይ ይከፍላል?»

ምዕራፍ ስድስት ኪራይ አይከፍልም። ሄጄ ከፈትኩ። አቶ ዕንባቆም ወንበራቸውን ሰብሌን ማየት በሚያስችል አቅጣጫ ነው ያስቀመጡት። እዚያ ላይ ተቀምጬ እግሬን አነባበርኩ፣ አወረድኩት፣ ጣቃ አቃናሁ። በሁለቱ ሱቆች መካከል ያለው ግድግዳ ቺፕውድ ነው፤ ሰብሌ ጆሮዋን ስታስጠጋ እንኳ ይሰማኛል።

ወይዘሮ ሊሻን ገቡ። ወፍራሙን ጨርቅ ያዙ። «ስንት ነው?» ሊሉ አፋቸውን ከፈቱና አተኩረው አዩኝ።

«ቆይ፣ ቆይ። አንተ የእሷ ባል አይደለህም? ልጄን ሶስናን ያስተማርክልኝ መምህር?»

ሆሳዕና ትልቅ ከተማ ነች እያልን እንኮራለን እንጂ ሰው የሚደበቅባት ገና አልሆነችም። «ነኝ» አልኩ።

«እዚህ ምን ትሠራለህ?»

«ቁልፉን ለእኛ ሰጥተው ነው የሄዱት።»

«ለእናንተ?»

«ለእኛ። ዋጋውንም ነግረውን ነው።»

«ስንት አለ?»

ከግድግዳው ወዲያ ሰብሌ ሳል ጀመራት። እንዲህ ያለ ሳል በሕክምና መጽሐፍ ያለ አይመስለኝም፤ ከፍ አድርግ ከፍ አድርግ የሚል ሳል ነው። ስለ ሚስቴ ሱቅ አሰብኩ። በሩ ላይ አገጯን ደግፋ የተቀመጠችባቸውን ቀናት አሰብኩ። አፌን ስከፍት ግን የወጣው አቶ ዕንባቆም የነገሩን ዋጋ ነው፤ ከሰብሌም ዝቅ ያለ ነው። ሳሉ ቆመ።

ወይዘሮ ሊሻን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ነይ እስቲ አንቺ ልጅ፣ መስማትሽን አውቃለሁ!» አሉ።

ሰብሌ ፊቷ ቀልቶ ገባች።

«የእሱ ከአንቺ ይቀንሳል፣ አይደለም?»

አሁን ምን እንደምትል ጠበቅኩ። ጨርቁ ይደበዝዛል ማለት ትችል ነበር። ሁለት ጊዜ ሲታጠብ ያልቃል ማለት ትችል ነበር። ባለቤቱ ዳምቦያ ነው፣ ማን ያስተባብላታል? ሰብሌ የአቶ ዕንባቆምን ጣቃ ነካ አደረገች፣ ከዚያ ዓይኗ እንባ ሞላ።

«ይቀንሳል» አለች። «ለመኝታ ክፍሎቹ የእሱ ይበቃዎታል፣ በከንቱ ብር አያውጡ። ለሳሎንና ለምግብ ቤቱ ግን የእኔን ይውሰዱ። የእኔ ፀሐይ አያሳልፍም።»

ወይዘሮ ሊሻን ወንበር ሳቡና ተቀመጡ። አንዴ ቁልፉን፣ አንዴ እሷን፣ አንዴ እኔን አዩ።

«ዕድሜዬን ሙሉ ሁለት ሱቅ የምጠይቀው አንዱ ሲዋሸኝ ሌላው እንዲያጋልጠው ነው» አሉ። «እዚህ ግን አንዱ ለሌላው ቁልፍ ሰጥቶ ለቅሶ ሄዷል። ከማን ጋር ልጣላ? ከዚህም ከዚያም ቁረጪልኝ።»

ይህን ካሉ በኋላም እስኪመሽ ተከራከሩ። እሱ ሌላ ነገር ነው፤ ካልተከራከሩማ ምን ገበያ ሆነ። የሰብሌ ድርሻ ግን ለኪራዩ በቃ።

በማግስቱ ጠዋት ሰብሌ ጥቁር ቀሚሷን ለብሳ አገኘኋት። የገበያ ቀን ነበር። ሁለቱንም ሱቆች ዘጋች። «ተነሥ፣ ዳምቦያ እንሂድ» አለች። «ለቅሶ ሳንደርስ ቀርተን እኮ ነው።» አንጋጫን ስናልፍ «ሰውዬው ግን ቁልፍ ሲሰጠኝ ምን አስቦ ነው?» አለች። ይህን ጊዜ እንደ ድሮው በቁጣ አልነበረም።

ድንኳኑ ሞልቷል። አቶ ዕንባቆም ከሩቅ አዩንና ተነሥተው መጡ። ሰብሌ አለቀሰች፣ እሳቸውም አለቀሱ። ትንፋሻቸው ሲመለስ መጀመሪያ የጠየቁት «ሱቁስ?» ብለው ነው።

«ዘጋሁት» አለች።

«ሁለቱንም?» ብለው ራሳቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። ለቀስተኛው ሌላ መርዶ የመጣ መስሎት ዞር አለ። «ኧረ የገበያ ቀን ነው! ሰው ወዴት ይግባ?»

አስቀመጡን፣ ንፍሮ ቀረበልን። ከጎናችን የነበሩት ሽማግሌ በከምባትኛ አንድ ነገር ጠየቋቸው። አቶ ዕንባቆም እኛም እንድንሰማ በአማርኛ መለሱ።

«እህቴ ናት።»

ሽማግሌው ወደ አማርኛ ዞሩ። «የእናትህን ልጆች ሁሉ አውቃለሁ። ይህቺኛዋ የቷ ናት?»

«የሥራ እህቴ ናት። መጋረጃ ትሸጣለች። እኔም እሷን አይቼ ነው የጀመርኩት።»

«ጎን ለጎን? ታዲያ አትጣሉም?»

አቶ ዕንባቆም በቅንነት አሰቡ። «አንዴ ተኳርፈን ነበር አሉ። ትርፊት ናት የነገረችኝ። ለእኔ አልታወቀኝም ነበር።»

ሰብሌ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። ታልቅስ ትሳቅ፣ አብሬያት ስኖር የኖርኩት እኔ እንኳ መለየት አልቻልኩም። እኔ ግን እዚያው ንፍሮ በእጄ እንደያዝኩ አንድ ነገር አወቅኩ። ይህን ሰው እወደዋለሁ። ተማሪዎቼ የፈለጉትን ይበሉ፣ መጽሐፌም የፈለገውን ይበል፤ ሥራ አይፈጥርም፣ አያተርፍም፣ ክፍተትም አያይም፤ ብቻውን የተቀመጠ ሰው ግን አያልፍም።

ልንመለስ ስንነሣ እስከ አስፋልቱ ሸኙን። መኪና ስንጠብቅ ከመንገዱ ማዶ አንድ አዲስ የሞባይል ጥገና ሱቅ ነበር። ደንበኛ የለውም። ባለሱቁ ወጣት በሩ ላይ ተቀምጦ ግንባሩን በእጁ ደግፏል። የአቶ ዕንባቆም ዓይን ወደዚያ ሄዶ ቀረ። እጃቸው ወደ ኋላ ተጣመረ።

ሰብሌ አየቻቸው። የኮታቸውን እጅጌ ያዘች።

«ዕንባቆም» አለች። «ቶሎ ና። ብቻዬን ነኝ።»